አሪፋ በማሾ ሚዛን ላይ

አሪፋን አፏ ሥራ ፈትቶ ያያት ሰው የለም። ምግብ ታበዛለች ለማለት ግን አይደለም። ምሳዋን ሦስት አራቴ ጎርሳ ትነሳለች፤ እራት ለሌላው ስታቀርብ የራሷን ትረሳዋለች። ጣጣው ያለው በመካከሉ ነው።

ባሏ ኸድር የማሾ ነጋዴ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ መጋዘኑና መኖሪያ ቤታቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጠዋት ጆንያ ሲራገፍ አሪፋ በሩ ላይ ቆማ ተምር ትበላለች። ረፋድ ላይ ከግቢው በር ውጪ መጥበሻቸውን የጣዱት እትዬ እቴነሽ «አሪፋ፣ ትኩስ ወጣ!» ይሏታል። የምስር ሳምቡሳ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሳይጠይቅ የሚገዛው። ሁለት ትበላለች፣ ሦስተኛውን ለሠራተኞቹ ልስጥ ብላ ይዛ መንገድ ላይ ትጨርሰዋለች። ሙቀቱ ሲበረታ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ አሥር ሰዓት ላይ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ ከብስኩት ጋር። ይህን ሁሉ ቆማ ስለምትበላው በልቻለሁ ብላ አታስበውም ነበር።

ውፍረቷን ማንም በክፉ አላየውም። እንዲያውም ቆላ ውስጥ የነጋዴ ሚስት ከከሳች ነው ወሬ የሚነሳው፤ «ባልየው ከሰረ እንዴ?» ይባላል። ስትራመድ ጉልበቷ ይንቋቋል፣ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ እሷም ሌላውም የዕድሜ ነው ብሎ ተወው። አርባ አንድ ዓመቷ ነው።

ነገሩን የለወጠው ሀሩን ነው።

ሀሩን ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ስለነበር አሪፋ ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው። በማሾ ማሳ ውስጥ እሱን አዝላ አርማለች፣ እሱን አዝላ ለቅማለች። ሲያድግ ባጃጅ ጠጋኝ ሆነ፤ እጁ ወርቅ፣ አፉ ምላጭ የሆነ ልጅ። ሠላሳ ሳይሞላው እግሩ ያብጥ ጀመር። ቀጥሎ ፊቱ። ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል ተባለ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን እየወጣ ደሙን ያሳጥባል፤ የቀረውን ቀን በእህቱ ቤት የጓሮ ክፍል ተኝቶ ይውላል።

ንቅለ ተከላ ይሻለዋል ሲባል ሌላ እህት ወንድም የለውምና አሪፋ ቀረበች። አዲስ አበባ ወስደው መረመሯት። ደሟም የቀረውም ገጠመ። ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሳይጨርስ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆሟት፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ።

«ኩላሊትዎ ጤነኛ ነው፤» አሏት። «እርስዎ ግን በዚህ ክብደት ቢላ አይነካዎትም። የደም ግፊትዎም ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ታማሚ አድናለሁ ብዬ ሁለተኛ ታማሚ አልፈጥርም። ሰማንያ ሁለት ይግቡልኝ፤ በጥር ቀጠሮ እይዝላችኋለሁ። እንዳይራቡ፣ እንዳይሮጡም፤ በልክ ይቀንሱ።»

ሲመለሱ አሪፋ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሀሩን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«እታለም፣ እኛ የለመንንሽ አንድ ኩላሊት ነው። አሥራ አራት ኪሎ ሥጋ ጨምሪ ያለሽ ማን ነው?»

«ዝም በል አንተ! ሳቄን አታምጣው።»

«ወላሂ እውነቴን ነው። ኩላሊትሽ ራሱ ከገባልኝ በኋላ ሳምቡሳ አምጣ እያለ ቢረብሸኝስ?»

ሳቀች። ሳቁ አልቆ እንባ ሆነባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ከነርሷ ከሲስተር ሐይማኖት ፊት ተቀመጠች። ሲስተር ሐይማኖት ነገር አታስረዝምም። ጠዋት ከእንቅልፍ እስከ መኝታ አፏ የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠረቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ምሳዎንና እራትዎን አልነካም፤ ችግሩ እዚያ አይደለም። የማባርረው መክሰስዎን ነው። ማባረርም አይደለም፣ መቀየር ነው። ረሃብ ሲመጣ ባዶ እጅዎን አይጠብቁት። ቀድመው አዘጋጅተው ያስቀምጡ። ቤትዎ ምን አለ?»

«ምን ይኖራል? ማሾ ነው ያለው፤ መጋዘን ሙሉ።»

«ታዲያ ምን ይፈልጋሉ? ይቀቅሉት። ቅቤ የለ፣ ዘይት የለ። ሎሚ ይጭመቁበት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይክተፉበት። አንድ ትንሽ ሳህን ረፋድ ላይ። ከሰዓት የሽምብራ ቆሎ፣ በእፍኝ ሳይሆን በሲኒ ሰፍረው። ፓፓያ ሲያምርዎ ቆርጠው ይብሉት እንጂ ጨምቀው አይጠጡት። ሻዩ ያለ ስኳር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይቀመጡ። ቆሞ የበሉትን ሆድ ይቀበለዋል እንጂ አእምሮ አይቆጥረውም።»

«ሻይ ያለ ስኳር? እሱማ መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒት ነው ብለው ይጠጡት። ኪሎዎትን የት ይለካሉ? እዚህ ይመጣሉ?»

«ኧረ ቤታችን ሚዛን አለን።»

ሲስተር ሐይማኖት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን መሰላትና «ጥሩ፤ በሳምንት አንዴ፣ ሁሌ በዚያው ሚዛን» ብላ ሸኘቻት።

የቤቱ ሚዛን ግን የመጋዘኑ ሚዛን ነበር፤ ጆንያ የሚጫንበት፣ ከላይ ዘንጉ ላይ ተንሸራታች ብረት ያለው። አሪፋ ሞኝ ሆና አይደለም። ኩንታል ሲመዝን የሚውል ሚዛን በራሷ ግቢ ተገትሮ እያለ ለአንድ ሰው ክብደት ብላ ከተማ አቋርጣ የምትሄድበት ምክንያት አልታያትም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የማሾ ምርት መግቢያ ነበር። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ደግፈው ተሰልፈዋል። አሪፋ ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን ለእትዬ እቴነሽ ሰጥታ ወጣች። ሠራተኞቹ አፏጩ።

«ጋሼ ኸድር፣ ይቺ ስንተኛ ደረጃ ናት? ለኤክስፖርት ትሆናለች?» አለ አንዱ።

«እርጥበቷ ይታይ!» አለ ሌላው።

ኸድር እየሳቀ ብረቱን ገፋ አደረገው። ዘንጉ ተወዛውዞ ቆመ። ዘጠናን ትንሽ አለፍ ብሎ።

«ዘጠና!» ብላ ጮኸች አሪፋ። «በሳምንት ከአምስት ኪሎ በላይ! ያ ረቢ!»

ከሰልፉ ውስጥ አስፋው የሚባል የቀወት ገበሬ ጆንያው ላይ እንደተደገፈ፣ «እትዬ አሪፋ፣ አይ የጋሼ ኸድር ሚዛን! ከእርስዎም ሰረቀ እንዴ?» አለ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አሪፋም አብራ ሳቀች። ገበሬ ስለ ነጋዴ ሚዛን የሚለውን እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች፤ የራሷ አባት ከገበያ በተመለሰ ቁጥር ይለው የነበረውን ነው። ስለ ሰማይና ስለ ዝናብ እንደሚባለው ነገር ነበር የምትሰማው። ከሳቁ መሐል ያልሳቀ ኸድር ብቻ ነበር። ዘንጉን ያያል፣ እሷን ያያል። አፉን ከፈት አደረገ። ከዚያ ወደተሰለፉት ሰዎች ዞሮ፣

«ቀጣይ!» አለ።

አሪፋ ያን ቀን በደስታ ወደ ጓሮ ሮጣ ለሀሩን ነገረችው። ሀሩን የደረቀ ከንፈሩን እየላሰ፣ «በዚህ አያያዝሽ እስከ ጥር ትጠፊያለሽ፤ ኩላሊቱን የሚያመጣው ማን ሊሆን ነው?» አላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በአሪፋ ሕይወት ውስጥ ከባዱም ቀላሉም ነበሩ። ማታ ማሾውን ትዘፈዝፋለች፣ ጠዋት ትቀቅለዋለች፤ እንዳይፈርስ ቶሎ ታወርደዋለች። ረፋድ ላይ አሁን በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፤ እየቆጠረች ታኝካለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጇ ብቻውን ወደ ተምሩ ጣሳ ሲሄድ ታገኘው ነበር። ራስ ምታት ያዛት። ያለ ስኳር የጠጣችውን ሻይ ሁለቴ ተፋችው፤ በሦስተኛው ለመደችው።

እትዬ እቴነሽ መጀመሪያ ተቆጡ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በእኔ ሳምቡሳ ላይ ምን ወሬ ሰምተሽ ነው? ዘይቱ ከረመ አሉሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ ለሀሩን ብዬ ነው። በሐኪም ተከልክዬ።»

ነገሩ ለእትዬ እቴነሽ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሪፋ ከግቢ ስትወጣ ሲያዩ መጥበሻቸውን በሰፌድ ይከድኑታል፤ ሽታው እንዳይደርሳት። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ ይከድኑታል።

ሰው ቤት መሄድ ግን ፈተና ነበር። ይፋት ውስጥ «ጠግቤያለሁ» የሚባለው ቃል መግደርደር እንጂ መልስ አይደለም። «በሞቴ!» ይሏታል። «እኔ ልሙት አንዲት ብቻ!» ሞታቸውን እንዴት ትርገጥ? በኋላ ዘዴ ፈጠረች። «በሞቴ» ስትባል «በሀሩን ሕይወት ተዉኝ» ትላለች። እሱን ሲሰሙ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

በየቅዳሜው ሚዛን ላይ ትወጣለች። ሰማንያ ዘጠኝ። ሰማንያ ስምንት። አንዳንዴ ባለበት ይቆማል፣ አንዳንዴ ይወርዳል። ቀሚሷ ሰፋ። ጉልበቷ መንቋቋቱን ቀነሰ። ሲስተር ሐይማኖት መንገድ ላይ አግኝታት «ጎሽ! ፊትዎ ራሱ ተቀይሯል» አለቻት። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ መቀነሱስ በእርግጥ ቀንሳለች።

ባልተጠበቀ ቦታ የከረረው ኸድር ነው። ሰማንያ አራት በገባች ጊዜ እራት ላይ ሳህኗን አይቶ፣

«እስቲ እንጀራውንም ቀነስ አድርጊው፤» አላት።

«ምሳና እራት አይነካ ብላኛለች እኮ ሲስተር።»

«እሷ ትበል። አንቺ ትንሽ አብልጠሽ ብትቀንሺ ምን አለበት? ሰባ ሰባት፣ ሰባ ስድስት ብትገቢ?»

«ሰማንያ ሁለት ነው ያሉኝ፣ ኸድር።»

«ሰምቻለሁ። መጠባበቂያ ይኑርሽ ነው የምልሽ።»

ሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤት ሰርግ ላይ አንድ ተምር ስታነሳ ሰው እያየ ከእጇ ላይ ወሰደባት። አሪፋ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ቤት ሲገቡ አልቻለችም።

«ሃያ ዓመት ስወፍር አልከበድኩህም። አሁን ነው ያስጠላሁህ? ቆንጆ ሚስት አማረህ? በወንድሜ አመካኝተህ ልታከሳኝ ነው?»

«አሪፋ፣ እንደሱ አይደለም…»

«እና እንዴት ነው? ንገረኛ!»

ኸድር ቆመ። ጣቶቹን አፍተለተለ። «ምንም፤» አለ። «ተይው።» ወጥቶ መጋዘን ገባ። አሪፋ ያን ማታ ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች። በቀጣዮቹ ቀናት በእልህ፣ ከሰማንያ ሁለት በታች አንዲት ግራም አልወርድም አለች። የሐኪሙን ቃል እንጂ የባሏን ዓይን ደስ ለማሰኘት አልነበረም የተራበችው።

ለጥር ቀጠሮ የሚሄዱበት ዋዜማ ሚዛኑ ከሰማንያ ሁለት ትንሽ በታች አነበበ። እትዬ እቴነሽ እልል አሉ። ሀሩን በግድግዳ ተደግፎ መጥቶ ቆሞ አየ። ፊቱ ያበጠ፣ ቆዳው የጠቆረ፣ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው።

«ሰዎች፣ ምስክር ሁኑ፤» አለ። «እህቴ ለእኔ ብላ አንድ በግ የሚያህል ሥጋ ጥላለች።»

አዲስ አበባ ላይ የሆስፒታሉ ሚዛን ጠፍጣፋ ነው፤ ቁጥሩ በብርሃን ይጻፋል። አሪፋ ቀና ብላ ወጣችበት። ሰማንያ ስድስት ነጥብ አምስት።

«ተበላሽቷል ይሄ፤» አለች።

አስተባባሪዋ ነርስ ትሕትና ያላት ልጅ ነች። አውርዳ መልሳ አወጣቻት። ሌላ ክፍል ወስዳ በሌላ ሚዛን ለካቻት። ያው ነው።

ሐኪሙ ብዙ አልተቆጡም። «ጥሩ ሠርተዋል፣ ወደ አሥር ኪሎ ቀንሰዋል፤» አሏት። «ግፊትዎ ግን ገና ነው፤ ክብደቱም አልደረሰም። ይህን ቀን ዝግጁ ለሆኑት እሰጣለሁ። ወር አካባቢ ይታገሱ፣ ሰማንያ ሁለት ሲገቡ ይደውሉ፤ ቦታ ስናገኝ እንጠራችኋለን።»

ሀሩን በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም።

ሸዋ ሮቢት የደረሱት ቀትር ላይ ነው። አሪፋ ሀሩንን አስተኝታ ቤት ሳትገባ ወደ መጋዘን ሄደች። ኸድር አልነበረም፤ ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል። ሚዛኑ ላይ ወጥታ ብረቱን ራሷ ገፋችው። ሰማንያ ሁለት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት። ወረደች። አስባ አስባ፣ ከመጋዘኑ ጎን ካለችው የኸድር ሱቅ ገና ከፋብሪካ እንደታሸገ ያለ ሃምሳ ኪሎ ስኳር ጎትታ አመጣች። አሁን ጉልበት አላት። ጫነችው።

አርባ ሰባት።

ተንሸራታቿን ብረት ከዘንጉ ላይ አውልቃ ገለበጠቻት። ከሥሯ ተቦርቡራ እርሳስ ተሞልታለች፤ በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ብረቷ ከበደች ማለት ሸክሙ ቀለለ ማለት ነው። ከመቶ ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ትበላለች። አሪፋ የገበሬ ልጅ ነች፤ ይሄን ለማስላት ማንም አላስፈለጋትም።

ኸድር ሲገባ ብረቷን በመዳፏ ይዛ ስኳሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«እኔ አይደለሁም የጀመርኩት፤» አለ ገና ሳትናገር። «ከላይ የሚረከቡኝ ትልልቆቹ ነጋዴዎች በአቧራ ይቀንሱብኛል፣ በእርጥበት ይቀንሱብኛል። ከየት ላምጣው? ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ አሪፋ።»

«ስለ ማሾ አልጠየቅኩህም።»

ኸድር ከኋላው በሩን ገርበብ አደረገው።

«የመጀመሪያ ቀን አውቀሃል። ዓይንህን አይቼዋለሁ። ለምን አልነገርከኝም?»

«በገበሬው ፊት? ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ‹ስድስት ጨምሪበት› ልበልሽ?»

«ማታ ቤት ውስጥስ ገበሬ ነበረ?»

ኸድር አንዱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ወርዶ፣ «ቤት ውስጥ አንቺ ነበርሽ፤» አለ። «ሰርቄ እንደማበላሽ እንድታውቂ አልፈለግኩም። ትቀንሳለች፣ አልፋ ትሄዳለች፣ ሳይታወቅ ያልቃል አልኩ። ስንቴ ‹ጨምረሽ ቀንሺ› አልኩሽ?»

«አልከኝ፤» አለች አሪፋ። «አስጠላሁት ብዬ አለቀስኩ እንጂ፣ አልከኝ።»

ብረቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሀሩን ነቅቶ ይጠብቃት ነበር። ጓሮው ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ያፍናል፤ መጠጣት የሚፈቀድለት ውሃ በብርጭቆ ተለክቶ ጎኑ ተቀምጧል። አሪፋ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ሆኖ ነው፣ እታለም?» አላት። «እዚህ ሰማንያ ሁለት፣ እዚያ ሰማንያ ስድስት። አስፋልቱ ላይ ነው የጨመርሽው?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሀሩን የሚያድረው በኸድር ቤት ነው፤ ደብረ ብርሃን የሚያመላልሰው ኸድር፣ የታመመ እግሩን የሚያሸው ኸድር ነው። ልጁን ታውቀዋለች። ይሄን ከሰማ ዛሬውኑ ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል፤ ከዚህ ቤት ጉርሻ አይቀምስም፣ መኪናው ውስጥም አይገባም። ወዴት ይሄዳል? ማንስ ያመላልሰዋል?

«በላሁ፤» አለችው። «ሚዛን ከወጣሁ በኋላ፣ ደረስኩ ብዬ… መንገድ ላይም በላሁ። ተሸነፍኩ፣ ሀሩኔ።»

ሀሩን አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ያጣ መሰለ። 

«ሳምቡሳ?» አላት በመጨረሻ።

«ሳምቡሳ።»

«የእትዬ እቴነሽ ከሆነስ…» አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እጇን ፈልጎ ያዛት። «ሐላል ይሁንልሽ። እኔን አዝለሽ ስንት ቀን ጾምሽን ውለሻል። አንድ ቀን ቢያምርሽ ምን ይገርማል?»

አሪፋ እጁን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። ቢቆጣት፣ ቢሰድባት በወደደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትመዘነው ጤና ጣቢያ ነው። ለሲስተር ሐይማኖት የምትለው ብታጣ «ሚዛናችን ልክ አልነበረም» አለቻት። ሲስተር ሐይማኖት ግንባሯን መታ ቁጭ አለች፤ የቱ ሚዛን ብላ ሳትጠይቅ በመቅረቷ ራሷን ወቀሰች። እንደገና ሳህኑን፣ ሲኒውን፣ ምሽት ላይ መራመዱን አስተካከለችላት። አሪፋ አንዲትም አላዛነፈችም። ሰማንያ አምስት ገባች። ሰማንያ አራት ተኩል። ለሀሩን እየሮጠች ትነግረዋለች፤ እሱ ግን ቁጥሩን ሲሰማ ያመነ አይመስልም። «አይዞሽ» ይላታል፤ ሱሰኛን እንደሚያባብል ሰው። «ቢያምርሽም አትደብቂኝ።» ይሄ «አትደብቂኝ» የሚለው ቃል አንጀቷን ይቆርጠዋል። ኸድር በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ያውቃል። ሰምቶ ይመለሳል።

በዚያው ወር ውስጥ ሀሩንን ብርድ ብርድ አለው። ደሙ የሚታጠብበት ቱቦ አንገቱ ላይ በገባበት ቦታ መግል ይዞ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ሆነ። ኸድር መኪና አስነስቶ፣ አሪፋ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ደጋው ሽቅብ ወጡ። ደብረ ሲና ሲደርሱ ንፋሱ ቀዘቀዘ። ሀሩን ዓይኑን ገልጦ «አልፈናል ቆላውን?» አለ። «አልፈናል» አለችው። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በር ላይ ነርሶች የሚገፋ ወንበር ይዘው ሲወጡ አስቀድሞ አልቋል።

አመሻሽ ላይ ይዘውት ወረዱ፤ በማግስቱ ጠዋት ሶላተል ጀናዛ ተሰግዶበት ተቀበረ። የባጃጅ ሾፌሮቹ በሙሉ መስመር አቁመው መጡ። አስፋውም ከቀወት በእግሩ መጣና ከኸድር አጠገብ አፈር ላይ ተቀመጠ።

ለቀስተኛው የሚለውን አሪፋ ትሰማለች። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ። «ምስኪን፣ ኩላሊት ልትሰጠው ነበር አሉ።» «ኧረ አፏን መግታት አቅቷት ነው የቀረው። ራሱ ሀሩን ነግሮኛል፣ አላህ ይዘንለት፤ ‹እንዳትወቅሷት› ብሎ።» አሪፋ ቀና አላለችም። እትዬ እቴነሽ ሰምተው ሊነሱ ሲሉ ቀሚሳቸውን ጎትታ አስቀመጠቻቸው።

ሰው «ቅመሺ» እያለ ይለምናታል። ንፍሮ ያቀርቡላታል፣ ዳቦ ይቆርሱላታል፣ አብሽ ይበጠብጡላታል። «በሞቴ» ይሏታል። አሁን በማን ሕይወት እንደምትመልስላቸው አታውቅም፤ ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን ሲስተር ሐይማኖት ለቅሶ ልትደርስ መጥታ ፊቷን አይታ ደነገጠችና ክንዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ግፊቷን ለካች፤ ልክ ነው። ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ቁጥሩን አይታ ክንዷን ደግፋ አወረደቻት።

ለቅሶው ተበትኖ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ፣ አሪፋና ኸድር ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ የአሪፋ ስልክ ጠራ። የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። ያቺ ትሑቷ አስተባባሪ ናት።

«ወይዘሮ አሪፋ፣ እንዴት ነዎት? አልደወሉልኝም፤ እኔ ላስታውስዎ ብዬ ነው። ኪሎዎት እንዴት ሆነ?»

«ሰማንያ አንድ፤» አለች አሪፋ።

«ውይ! በጣም ጎበዝ! ግፊትዎስ?»

«ልክ ነው አሉኝ።»

«እንዴት ደስ ይላል! እኔ ደግሞ ጥሩ ዜና አለኝ። ለመጪው ሳምንት አንድ ቦታ ተለቆልናል። ለመጨረሻ ምርመራ ሰኞ ጠዋት ይግቡ። ወንድምዎን ይዘውት ይምጡ፤ እሱም እዚሁ ይተኛል።»

አሪፋ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና ክንዷን ዘርግታ ወደ ኸድር አቀረበችለት።

«አንተ ንገራት፤» አለችው።

ኸድር ስልኩን አየው። ተቀበላት። ጆሮው ላይ አደረገው፤ አፉን ከፈተ።

«ሄሎ?» ይላል ስልኩ ውስጥ ያለው የልጅቷ ደስተኛ ድምፅ። «ሄሎ፣ ወይዘሮ አሪፋ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም፤» አለ ኸድር።